ጨረቃ መዋጮ አትጠይቅም

(እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በተፍኪ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



የእኔ ርእስ በአጀንዳው ላይ ከወፍጮው ጥገናና ከብድር አመላለስ ሪፖርት ቀጥሎ ተይዟል። ጸሐፊያችን "ጨረቃን ፎቶ ስለ ማንሳት" ብላ ስታነብ አንዳንዶቻችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ከወፍጮ ቀጥሎ ጨረቃ ሲመጣ ያስቃል። ነገር ግን ከእናንተ የምጠይቀው ነገር ስላለኝ እስክጨርስ ታገሡኝ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ አንድ ባይኖኩላር፣ አንድ የስልክ ማቆሚያ፣ በወር ደግሞ አራት ምሽት የዚህ ግቢ በር ለሴት ልጆቻችን ክፍት እንዲሆን። ከሦስቱ ዋናው የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ጨረቃ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። "ወር" የምንለው ቃል ራሱ ከግእዙ "ወርኅ" የመጣ ነው፤ ወርኅ ማለት ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው። ብዙዎቻችን ቤት በሚነገረው በአፋን ኦሮሞም "ጂአ" ማለት እንዲሁ ጨረቃም ወርም ነው። የሁለቱም ቋንቋ እናቶች ሳይመካከሩ ወርን በጨረቃ ስም ጠሩት። ሙስሊም እህቶቻችን ረመዳን ሲገባና ዒድ ሲደርስ አዲሷን ጨረቃ ይጠባበቃሉ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ የሚለዋወጠውም በባሕረ ሐሳብ ስሌት ውስጥ የጨረቃ ቁጥር ስላለበት ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ ቄሶቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል። በደቡብ ደግሞ በቦረና አያንቱ የሚባሉ ቀን ቆጣሪዎች አሉ። ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጋር እንደምትታይ እያስተዋሉ 12 ወርና 354 ቀን ያለውን ዓመት ይቆጥራሉ። መሣሪያቸው ዓይናቸውና ትውስታቸው ብቻ ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት "ገዳ" በተባለው መጽሐፋቸው ስለዚህ አቆጣጠር ለዓለም ምሁራን ጽፈዋል።

ስለዚህ "ሰማይ ማየት የፈረንጅ ሥራ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አያቶቹን እንዲጠይቅ ንገሩት።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። እዚህ ካለነው ውስጥ ጨረቃን በስልኳ ፎቶ ለማንሳት ያልሞከረች ያለች አይመስለኝም። የወጣውም የሁላችንም አንድ ዓይነት ነው፤ በጥቁር ሰማይ ላይ እንደ አምፖል የሚያበራ አንድ ነጭ ነጥብ። ይህ የሚሆነው ስልኩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ስልኩ ሲያይ ሰፊው ቦታ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ "ጨለማ ነውና ብርሃን ልጨምር" ብሎ ይወስናል። በዚያ መሐል ጨረቃ ትቃጠላለች። እኛ ግን ስልኩ የማያውቀውን እናውቃለን፤ ጨረቃ ራሷ አታበራም፣ ፀሐይ የምታርፍባት ድንጋይ ናት። ብርሃን ያረፈበት ፊቷ ላይ ቀን ነው። ስለዚህ ጨረቃን የምናነሳት በቀትር ፀሐይ ላይ የተሰጣ እህል እንደምናነሳ ነው እንጂ በሌሊት ቤት ውስጥ እንደምናነሳ አይደለም።

አሠራሩ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ፍላሹን አጥፉት። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የስልካችን ፍላሽ የግቢያችንን አጥር እንኳ በቅጡ አያልፍም።

ሁለተኛ፣ በስልኩ መስታወት ላይ ጨረቃዋን በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙ። በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። እሷን ወደ ታች ሳቡ። ነጩ ነጥብ እየደበዘዘ ይሄድና ድንገት ፊት ያወጣል፤ ጥቋቁሮቹ ቦታዎች ይታያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ "ውይ!" ይላል።

ሦስተኛ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የሁሉም ሰው እጅ። ግማሽ ድረስ እህል ወይም አሸዋ የተሞላ ከረጢት አጥር ላይ አስቀምጡና ስልኩን እዚያ ላይ አጋድሙት። ከዚያ የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ በ3 ሴኮንድ ሙሉት፤ ጣታችሁ ከስልኩ ከተነሳ በኋላ ራሱ ያነሳል።

አራተኛ፣ ምስሉን በጣታችሁ እየለጠጣችሁ አታቅርቡት። በአብዛኛው ስልክ ይህ ፎቶን ቆርጦ መለጠጥ ነው እንጂ ማቅረብ አይደለም። እውነተኛ ማቅረብ የሚገኘው ከመነጽር ነው። አሥር እጥፍ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ከአንድ ነገር ጋር አስደግፋችሁ በመጀመሪያ በዓይናችሁ ጨረቃን አግኙ፤ ቀጥሎ ዓይናችሁን አንሥታችሁ በምትኩ የስልኩን ካሜራ አስጠጉ። ትዕግሥት ይፈልጋል። መርፌ ውስጥ ክር ያስገባች ሴት ግን አያቅታትም።

አምስተኛውና ዋናው ቀኑን መምረጥ ነው። ሰው ሁሉ ሙሉ ጨረቃን ይመርጣል። ባለፈው ሐሙስ ማታ ሙሉ ነበረች፤ ያማረ ነበር፤ ለፎቶ ግን ከቀኖቹ ሁሉ የማይመቸው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ የበቾ ሜዳ ገበሬ ይነግራችኋል። የታረሰ ማሳ ላይ በቀትር ብትቆሙ ትልሙ አይለይም፤ ሁሉም ጠፍጣፋ ጥቁር መሬት ነው። በማለዳ፣ ፀሐይ ገና ከአድማስ ብቅ ስትል ብትቆሙ ግን እያንዳንዱ ትልም ጥላ ይጥላል፤ አንድ ጓል እንኳ ይታያል። ጨረቃም እንዲሁ ናት። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ የላትም። አዲስ ጨረቃ ከሆነች ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ግን ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ማለዳ ነው። ጉድጓዱም ተራራውም በረዥም ጥላ ተስሎ ይወጣል።

ያን መስመር በመነጽር ስትከተሉ በዘጠነኛው ቀን ገደማ ኮፐርኒከስ የተባለውን ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል። ከሰማይ የወደቀ አለት የቆፈረው ጉድጓድ ነው። ጥቋቁሮቹን ሰፋፊ ቦታዎች የጥንት ሰዎች ባሕር መስለዋቸው "ባሕር" ብለው ሰየሟቸው፤ ውኃ ግን የለባቸውም። ከብዙ ዘመን በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። "የፀጥታ ባሕር" በሚባለው ላይ ነው በሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ያረፈችው።

ልጆች ደግሞ ይህን አስተውሉ። በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ቀጭኗ ጨረቃ እንደ ማጭድ ቆማ ትሳላለች። ከዚህ ከተፍኪ ስትታይ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምትታየው። መጽሐፉም አልተሳሳተም፣ ዓይናችሁም አልተሳሳተም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይና ጨረቃ ወደ አድማስ የሚወርዱት ቀጥ ብለው ነው፤ በሰሜን አገሮች ግን አግድም እየተንሸራተቱ ይገባሉ። ስለዚህ ከመጽሐፍ የገለበጠችና ከሰማይ የገለበጠች ልጅ በሥዕሏ ትለያለች።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮች ጨረቃን ሲያዩ ከማስታወሻቸው የጎደለውን እየሞሉ ያማረ ፎቶ ያወጣሉ። ያ ፎቶ ግማሹ የስልኩ እንጂ የእናንተ አይደለም። በመነጽር ያነሳችሁትን ደብዛዛውን አትናቁት፤ ያ በዚያች ምሽት ከዚያች አጥር ላይ የታየው ነው። ሁለተኛው ማሳሰቢያ ለእናቶች ነው፤ ባይኖኩላር በምንም ምክንያት ወደ ፀሐይ አይዞርም፤ ዓይን ያሳውራል። መነጽሩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሳጥን ይወጣል፣ ሲነጋም ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት።

"ታዲያ ፎቶው ምን ይጠቅማል?" ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከፎቶው ጎን ያለው ደብተር ነው።

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ሲነሳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነበረች። ፎቶውን ስትለማመድ "ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊበት" አልኳት። ከሙሉ ጨረቃ ምሽት ጀምራ ለአምስት ምሽት ጨረቃ ከሜዳው ጠርዝ ብቅ ያለችበትን ሰዓት ጻፈች። በመጀመሪያው ምሽት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር፤ በማግስቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ሆነ፤ እንዲህ እያለ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። "አክስቴ፣ ለምንድን ነው የምትዘገየው?" አለችኝ። "ጨረቃ ዙሯን ጨርሳ ወደ ነበረችበት መልክ ለመመለስ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። በአንድ ቀን ውስጥ 1,440 ደቂቃ አለ። አንቺው አካፍይው" አልኳት። አካፈለች፤ 49 ገደማ መጣ። ደብተሯ ላይ ካለው ጋር ሲቀራረብባት ተነሥታ ጮኸች። ከዚያ ግን ዝም ብላ አልተወችውም፤ "አንድ ደቂቃዋስ የት ሄደች?" አለች። በመጨረሻ ከአስተማሪዋ ጋር ደረሱበት። ጨረቃ በየቀኑ ስለምትዘገይ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ መውጣት ታጎድላለች፤ ስለዚህ የሚካፈለው ለ28 ተኩል ነው። ሲካፈል 50 ተኩል ደቂቃ ይመጣል።

እህቶቼ፣ ያቺ ልጅ ያን ቀን የተማረችው ማካፈልን ብቻ አይደለም። የራሷ ዓይን ያየውን፣ በራሷ እጅ የጻፈችውን ቁጥር አምና መጠየቅን ነው የተማረችው። እኛ የቁጠባ ደብተር ስንጀምር ምን ሆነን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጻፍን፣ በዓመቱ መጨረሻ ደምረን ስናየው "ይህ የእኛ ነው?" ብለን ነበር። የጨረቃም ደብተር እንዲሁ ነው። አንድ ምሽት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሰላሳ ምሽት ሲደመር እውቀት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ባለፈው ጳጉሜን 2 ቀን ምሽት ብዙዎቻችሁ ውጭ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ነበር። የክረምቱ ደመና እየሸፈነ እየገለጠ አስቸገረን እንጂ፣ ሲገለጥ መዳብ መስላ ነበር። በሰፈራችን "ደም መሰለች፣ ምን ሊመጣ ነው?" ብለው የፈሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ልጆቹ ናቸው ያስረዱት፤ ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሐል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃን ይሸፍናታል፤ በምድር ዙሪያ ያለው አየር ግን ቀዩን የፀሐይ ብርሃን አጥፎ ወደዚያ ያሳልፋል፤ ቅላቱ የዓለም ንጋትና ምሽት ሁሉ ተሰብስቦ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ ነው። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለትልልቅ ሰዎች ስታስረዳ፣ ትልልቆቹም ሲሰሟት ማየት ለእኔ ከጨረቃዋ በላይ ነበር።

ይህ ፍቅር በአገራችን ብቻችንን የያዘን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት መሥራቾቹ 47 ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ "ዳቦ በሌለበት አገር ኮከብ!" ብሎ ያልቀለደ ሰው ጥቂት ነው። እነሱ ግን እንደ እኛ ማኅበር ተደራጅተው፣ ሰው እያስተባበሩ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ተመረቀ። በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ የተሠራ ሲሆን እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ከእነሱም በፊት በከፋ ቦንጋ የተወለዱት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በአሜሪካው የጠፈር ተቋም በናሳ ሠርተዋል።

በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ወደ ሕዋ ተወነጨፈች። ክብደቷ ሰባ ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ያንሳል። ሥራዋም መሬትን ከላይ ማየት ነበር፤ እርሻውን፣ ደኑን፣ ውኃውን። በየክረምቱ አዋሽ ሞልቶ በበቾ ሜዳ ላይ ሲተኛ ያየን እኛ፣ ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ ከላይ አይቶ መናገር ምን እንደሚጠቅም ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ሳተላይቷ ከመወንጨፏ በሦስት ቀን ቀድሞ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ተሰማ። ይህን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። የዓለም አስትሮኖሚ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት የሚርቅ ኮከብ ነው። ምን ተብሎ ተሰየመ መሰላችሁ? ኮከቡ "ቡና"፣ ፕላኔቱ "አቦል"። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዓለም መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም ነው። ረከቦት ፊት ተቀምጣ አቦል የቀዳች የዚህ አገር ሴት ሁሉ ስሟ ሰማይ ላይ ያለ ያህል ነው።

አሁን ወደ ሴቶች ልምጣ፤ የማኅበራችን ጉዳይ ይኸው ነውና።

እስከ ዛሬ በጨረቃ ላይ የቆሙ 12 ሰዎች ናቸው። ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሄዱ ናቸው፤ ሁሉም ወንዶች። የሴት እግር ጨረቃን አልረገጠም። የሴት እጅ ግን ያኔም ነበረበት። የአፖሎ መንኮራኩር የምትመራበት ኮምፒዩተር ማስታወሻው በእጅ የተሸመነ ነበር። በማሳቹሴትስ ግዛት ዋልታም በምትባል ከተማ፣ በሬይቲዮን ፋብሪካ፣ ሴቶች ተቀምጠው ቀጭን የመዳብ ሽቦ በጥቃቅን ቀለበቶች ያሳልፉ ነበር። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ "አንድ"፣ በውጭ ካለፈ "ዜሮ" ይነበባል። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ቀድሞ በጨርቃ ጨርቅና በሰዓት ፋብሪካ የሠሩ ነበሩ። አንድ ሽቦ ብትስት መንኮራኩሯ መንገዷን ልትስት ትችላለች። ለዚያ ኮምፒዩተር ትእዛዙን የጻፈውን ቡድን የመራችውም ማርጋሬት ሃሚልተን የተባለች ሴት ናት።

ልብሱም እንዲሁ ነው። ጨረቃ ላይ የተለበሰው ልብስ የተሰፋው በዴላዌር ግዛት ዶቨር ከተማ፣ የሴት የውስጥ ልብስ ሲሰፉ በኖሩ ሴቶች እጅ ነው። ልብሱ 21 ድርብ ነበረው። ስፌቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ መሳት አይፈቀድለትም፤ አንድ መርፌ ውስጥ ቢረሳ ሰው ይሞታል። ያን ጊዜ የሰው ነፍስ ያረፈው በሴት ልጅ ስፌት ላይ ነበር። ከመካከላችን ሙያዋ ስፌት የሆነ፣ ጥልፍ የሆነ፣ ሰፌድና ሞሰብ መስፋት የሆነ ብዙ አላችሁ። "የእጅ ሥራ ነው እንጂ እውቀት አይደለም" ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዋ የወጣችው ሴት ሩሲያዊቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫም ከዚያ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። የበረረችው በሰኔ 9 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። በቅርቡ ደግሞ፣ በነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ሕንድ በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አካባቢ መንኮራኩር ስታሳርፍ ከፕሮጀክቱ መሪዎች አንዷ ካልፓና ካላሃስቲ የተባለች ኢንጂነር ነበረች። ክሪስቲና ኮክ የተባለች አሜሪካዊትም ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በጨረቃ ዙሪያ ለመብረር ተመርጣለች።

እነዚህን ስም የምጠራው ልጆቻችን ሁሉ ጠፈር ይውጡ ብዬ አይደለም። አንዷ ሐኪም፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዷ አርሶ አደር ትሆናለች፤ ይሁን። ነገር ግን በዚህች ከተማ ሴት ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ትገባለች። ወንድሟ ውጭ ያመሻል፤ እሷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ዕቃ ታጥባለች። መንገዱ ጨለማ ነው፤ ስጋቱም እውነተኛ ነው፤ እናት ልጇን ብትከለክል አይፈረድባትም። በዚህ ምክንያት ግን ግማሹ ዓለም፣ የሌሊቱ ዓለም፣ ለሴት ልጅ የተዘጋ ሆኗል። ሰማይን ያላየች ልጅ ስለ ሰማይ አትጠይቅም። አለመጠየቅ ደግሞ በሰማይ አያበቃም፤ በክፍል ውስጥ፣ በቀበሌ ስብሰባ፣ በትዳር ውስጥ ይቀጥላል።

አንዲት ታላቅ እናታችን ትናንት "ልጄ፣ ወፍጮው ቆሞ ሳለ ጨረቃ?" አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ከወፍጮው ጥገና አንድ ብር አይነካም። ለመነጽሩና ለማቆሚያው የምጠይቀው ከማኅበራዊ ፈንዳችን ለልጆች ትምህርት ከተያዘው ነው። ከፍሎ የሚቀር ዕቃ አይደለም፤ በደንብ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አንዲት እናት ብቻዋን ልግዛ ብትል ይከብዳታል፤ ሃምሳ ሎሚ ግን ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከዚያ በኋላ ወጪ የለውም። ጨረቃ መዋጮ አትጠይቅም፣ ወለድ አትጠይቅም፣ ብድር አመላለስ ላይ አታስቸግርም። አጋሮቻችንንም ትልቅ ቴሌስኮፕ አልለምንም። ቤታችሁ ውስጥ ተረስቶ የተቀመጠ ባይኖኩላር ካለ ግን ለእኛ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ስለ ጨለማው ደግሞ አስቤበታለሁ። ቅድም ለፎቶ ምርጡ ከሰባት እስከ አሥር ባለው ቀን ነው ብያችሁ ነበር። በሰባተኛው ቀን ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአናታችን በላይ ደርሳ ነው የምትጠብቀን፤ እስኪመሽ መጠበቅ የለብንም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀምረን ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንጨርሳለን። እነዚያ አራት ምሽቶች ናቸው በየወሩ የምጠይቃችሁ። በየምሽቱ ሁለት እናቶች ተራ ይገባሉ፤ ልጆቹ በሰፈር በሰፈር ተሰብስበው ከእናቶቹ ጋር ይመለሳሉ። እያንዳንዷ ልጅ አንድ ደብተር ትይዛለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የጨረቃዋ ሥዕል፣ ደመና ከነበረም "ደመና" ብላ ትጽፋለች። ምንም ያልታየበት ምሽትም ይጻፋል፤ ያላየነውን አየን ብለን አንጽፍም። በስድስት ወር ውስጥ ደብተሮቹን በዚህ ስብሰባ ላይ ዘርግተን እናንተው ትፈርዳላችሁ። ካልጠቀመ መነጽሩን ሸጠን ገንዘቡን እንመልሳለን።

ከኅዳር እስከ ጥር ሰማያችን የጠራ ነው። ሜዳችንም ሰፊ ነው፤ በስተሰሜን ወጨጫ ከሚሸፍነው በቀር አድማሳችን ክፍት ነው። የአዲስ አበባ መብራት በየዓመቱ ወደ እኛ እየቀረበ ነው፤ ሰበታን አልፎ እየመጣ ነው። ለጨረቃ ያ አይከፋም፤ ከዋክብቱን ግን እየዋጣቸው ነው። ልጆቻችን ከዋክብቱን ማየት ካለባቸው ማየት ያለባቸው አሁን ነው።

የሚቀጥለው ሰባተኛ ቀን ታኅሣሥ 18 ነው፤ ቅዳሜ ይውላል። ውሳኔያችሁ ምንም ይሁን ምን እኔ ያን ምሽት በዚህ ግቢ እገኛለሁ፤ መነጽር ባይኖርም ስልክና አንድ ከረጢት አሸዋ ይበቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ጋቢ አትርሱ፣ ሜዳው ይበርዳል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ አቦሉን ስንጠጣ ስሙ የት ድረስ እንደደረሰ ለልጆቹ እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ።